ቀጫጭኖቹ ክሮች

«የነገውን ሠርግ ይጫወትልንና ይብቃው። እኔ ሰካራም ተሸክሜ አልዞርም።»

ሽታዬ ይህን የሰማችው ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ፣ ሱቁ ከሆቴሉ ጋር በሚዋሰንበት የቆርቆሮ አጥር ሥር ቆማ መልስ ስትጠብቅ ነው። የመተማ ቆርቆሮ ሙቀት ያበዛል እንጂ ወሬ አይከለክልም፤ ማዶ ያለ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። ተናጋሪው ስንሻው ነበር፣ የሆቴሉ ባንድ መሪና ኦርጋን ተጫዋች። የሚያወራው ለሆቴሉ ባለቤት ነው። ሰካራም የተባለው ደግሞ ለይኩን፣ የሷው ታናሽ ወንድም፣ የባንዱ ጊታር ተጫዋች። «ዘፋኟ አዝማቹን ስትጀምር ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገባ። ቀንስ ስለው አፍጥጦ ያየኛል። ቀጫጭኖቹን ክሮች ሲነካማ ያንን ድምፅ የሚችል የለም፤ ባለፈው ሰንበት ሴቶቹ ጆሯቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ተነሱ። ከኋላ ብጠራው ዙሮም አያይ፣ ኮርቷል። አፉ ደግሞ አረቄ አረቄ ይሸታል። እንግዲህ ምን ላርገው?» ባለቤቱም ማዘኑ ይሁን መሰልቸቱ ባልታወቀ ድምፅ «እንዳልህ ይሁን» አለ። አንድ ሰው እንጀራው የሚቆረጠው እንዲህ ነው፤ በጠዋት፣ ሻይ እየተጠጣ፣ እሱ በሌለበት።

ሽታዬ መልሷን ሳትቀበል ሄደች። እግሯ ወደ ሆቴሉ በር ወስዷት ነበር። ገብታ ስንሻውን ልክ ልኩን ልትነግረው ምላሷ በልቷት ነበር። ነገር ግን አገሩ ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚያከብራት የጤና ጣቢያ ነርስ በጠዋት ሆቴል ገብታ ስትሳደብ መታየቷ ለወንድሟም አይበጅ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ዋጠችው፤ ዋጠችው ይባል እንጂ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ቀረ። ለይኩንና መጠጥ! አምና በአጨዳው ሰሞን ባንዱ ለቀን ሠራተኞች ሊጫወት አብደራፊ ወርዶ፣ ማደሪያ ጠፍቶ ግራር ሥር ሲተኙ የአሸዋ ዝንብ ነክሶት ካላዛር ያዘው። ሆዱ ተነፍቶ፣ አንገቱ ሰልሎ፣ ጣፊያው እምብርቱን አልፎ ወርዶ ሲመጣ በእጇ ዳብሳ ያለቀሰችው እሷ ናት። መርፌውን ቀን በቀን የወጋችውም እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ ጠላ እንኳ አይቀምስም። ኮርቷል መባሉ ደግሞ! ከሕመሙ ወዲህ ሰው ሲያናግረው ፊት ፊቱን እያየ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ነው የሚያዳምጠው። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ሽታዬ ይህን ከሞት ደጅ የተመለሰ ሰው ፍቅር ነው እያለች በልቧ ደስ ይላት ነበር።

ቤት ስትደርስ እናታቸው ወይዘሮ ባየሽ ከገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በካርቶን ቁራጭ ራሳቸውን ያራግባሉ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ከወዲህ እናትና ልጅ፣ ከወዲያ ለይኩንና ጊታሩ ይኖሩበታል። ዛሬ ግን ጊታሩ የምግብ ጠረጴዛውን ወርሶ፣ ክሮቹ ተፈትተው፣ ሆዱ ተከፍቶ ተንጋሏል። ዳቦውን የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታ እንደያዘችው ቆመች። ይህ ጊታር ባለ ሰባት ክር ነው። ለይኩን ከሕመሙ እንዳገገመ የድሮውን ባለ ስድስት ክር ሸጦ ከካርቱም ሲያስመጣው ያልሳቀበት ሰው አልነበረም። ጎንደር ሙሉ በስድስት ክር ሲጨፍር አንተ ምን ጎደለህ አሉት። ባንዱ ቤዝ ተጫዋች የለውም፣ ሰባተኛው ወፍራም ክር የቤዙን ሥራ ይሠራልኛል ብሎ መለሰ፤ እውነትም ይሠራ ነበርና ሁሉም ዝም አለ። ወይዘሮ ባየሽ ብቻ እስካሁን አልተዋጠላቸውም። «ለሰው ሠርግ ሰባት ክር ይወጥራል፤ ለራሱ አንዲት ሚስት የለችው» አሉ ዛሬም፣ ጮክ ብለው። ለይኩን ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ ነበርና አልመለሰላቸውም።

ሽታዬ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመችና «ምን ሁነህ ነው የፈታታኸው?» አለችው።

«ማግኔቶቹ ናቸው፣ እታለም። ሙተዋል» አላት ቀና ብሎ። ከክሮቹ ሥር የተቀበሩትን ሁለት ጥቋቁር ዘንጎች በጣቱ አሳያት። ኤሌክትሪክ ጊታር በራሱ ድምፅ የለውም፤ የክሩን ንዝረት ለቅመው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልኩት እነዚህ ናቸው። አንዱ በጊታሩ አንገት በኩል ተቀምጦ ወፍራሙንና ለስላሳውን ድምፅ ይሰጣል፤ ሌላው ክሮቹ ከሚታሰሩበት ከብሪጁ አጠገብ ተቀምጦ ቀጭኑንና ጥርት ያለውን። ውስጣቸው ፀጉር በሚያህል ሽቦ የተጠቀለለ ነው፤ ሽቦው እንዳይንቀጠቀጥ ሰም ይፈስስበታል። ሰሙ ከሌለ ማግኔቱ ያፏጫል። ለይኩን ደግሞ ኮኪት ለጨዋታ ሲሄዱ ጊታሩን ከጭነት መኪናው ጣሪያ ላይ አስጭኖት ነበር። የኮኪት ፀሐይ እንኳን ሰም ሰው ታቀልጣለች። አሁን ማግኔቶቹን ገልብጦ አሳያት፤ ሰሙ በየጠርዙ ወጥቶ ደርቋል። «ቀጫጭኖቹ ክሮች ከነአካቴው አይናገሩም» አላት።

ሽታዬ ደስ አላት! በጠዋት የዋጠችው ነገር ከጉሮሮዋ ወረደላት። እንዲህ ነዋ! ጊታሩ ታሞ ኑሯል፤ ቀጫጭኖቹ አልሰማ ሲሉት ድምፅ ይጨምራል፣ ድምፅ ሲጨምር ማግኔቱ ያፏጫል፣ ማግኔቱ ሲያፏጭ ስንሻው ሰክሯል ይላል። እነሱ የሰው ስም ከማጥፋት የጊታሩን ሆድ ከፍተው ቢያዩ ምን ነበረበት? የሰማችውን አልነገረችውም። «አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው ብቻ። ዛሬ ተረኛ አልነበረችም። ለይኩን ትንሽ አመነታ፤ ቀጥሎ ከልቡ በሆነ ፈገግታ «ነይ፣ ነይ እንጅ። አንች ብትኖሪ ይሻለኛል» አላት። ነገ ማታ የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ልጅ ሠርግ ነው፤ ጊታሩ ነገ በደንብ ከተናገረ ስንሻው አፉን ይይዛል። እሷ የያዘችው ተስፋ ይህ ነበር።

የመጂዳ ሱቅ ከኬላው ወዲህ ነው፣ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚሻገሩ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው በሚጠብቁበት መንገድ ዳር። መጂዳ አባቷ የጭልጋ ሰው፣ እናቷ ሱዳናዊት ናቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ ትነግዳለች፣ በሁለቱም ትቆጣለች። ልጇ ከኦምዱርማን ዲሽ፣ ሪሲቨር፣ ስፒከር፣ የተሰባበረ ኦርጋን ሳይቀር ይልክላታል። ለባለ ሰባት ክር ጊታር የሚሆን ማግኔት ጎንደርም አይገኝ፤ የባለ ስድስቱ አጭር ስለሆነ ዳርና ዳር ያሉትን ክሮች አይደርስባቸውም። መጂዳ ግን «ይመጣል ካልሁህ ይመጣል» ብላው ነበርና መጥቷል። ሱቁ ፊት ካለው የሣር ዳስ ሥር ጄኔሬተሩን አስነሳች፤ አሮጌ አምፕሊፋየር አወጣች፤ ሁለት የአንገትና ሦስት የብሪጅ ማግኔት በጨርቅ ላይ ዘረጋች። ሰሊጥ ዘንድሮ ዋጋው መውደቁን፣ ኬላው ላይ የተቀየሩት ፖሊሶች ጨዋ መሆናቸውን፣ ሽታዬ መክሳቷን በአንድ ትንፋሽ አወራች። ወረፋ የሚጠብቁ ሾፌሮች ጥላ ፍለጋም ለጨዋታም ብለው ተጠጉ።

ለይኩን በአንገቱ ማግኔት ጀመረ። ለሙከራ ያህል በፕላስተር እየለጠፈ፣ ሽቦውን ገመዱ ከሚሰካበት ከጃኩ ጋር እያጠላለፈ፣ አገጩን በጊታሩ እንጨት ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። የመጀመሪያውን ሲሞክር ወፍራሙ ክር ድምፁ እርስ በርሱ ተደበላለቀ፤ «ገንፎ ነው፣ ገንፎ» ብሎ ነቀለው። ሁለተኛውን ለጠፈ። ከማግኔቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች ሩብ ያህል እያላላ፣ ወፍራሙ ክር ሌሎቹን እንዳይውጥ ማግኔቱን በዚያ በኩል ዝቅ አደረገው። ከዚያ በትዝታ ቅኝት ከታች ጀምሮ ሲወጣ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ቆሞ ታየ፤ የዳሱ ምሰሶ እንኳ የነዘረ መሰለ። ከሾፌሮቹ አንዱ «ወይ ጉድ!» አለ፣ ሲጋራውን መለኮስ ረስቶ። መጂዳ የማታሞግሰው ዕቃ የላትምና «አላልሁም?» አለች። ሽታዬ ኩራት ሊያፈነዳት ደረሰ። ሰካራም ነው እንዲህ የሚመርጥ? ምነው ስንሻው እዚህ ቆሞ ባየ ብላ ተመኘች። እንኳንም አልቆመ።

ወደ ብሪጁ ማግኔት ተሻገረ። ከሦስቱ መጀመሪያ ያነሳው አዲስ የሚመስለውን፣ አንጸባራቂውን ነበር። ለጠፈው፤ ሽቦውን አገናኘ፤ ጎንበስ እንዳለ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ከፍ አደረገ። ያን ጊዜ ፉጨቱ መጣ። እየቀጠነ፣ እየሰላ ሄዶ እንደ ወስፌ ጆሮ ውስጥ ገባ። ሾፌሮቹ ጆሯቸውን ያዙ። ከመንገዱ ማዶ የታሰረች አህያ ደንብራ ገመዷን በጠሰች። መጂዳ በዓረብኛ ተራገመች። ሽታዬ በሁለት እጇ ጆሮዋን ደፍና «አጥፋው!» ብላ ጮኸች። ለይኩን ግን እንዳቀረቀረ ነው። እንዳቀረቀረ፣ ተረጋግቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ይዞ ብሎን ያዞራል። ቀጭኑን ክር መታ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ድምፁን ደግሞ ጨመረበት። ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «ይኸም አይናገርም» አለ።

መጂዳ ዘላ ጃኩን ነቀለችው። «ያ ዞል! አንተ ሰውየ፣ ጆሮ የለህም እንዴ?»

ሰው ሲናደድ የሚለው ነገር ነው፤ መጂዳም ሌላ ነገር ማለቷ አልነበረም። ለይኩን ቀና አለ። ወደ አምፕሊፋየሩ አላየም፤ ወደ ማግኔቱም አላየም። በዙሪያው የቆሙትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ፤ ጆሯቸው ላይ ያለውን እጅ አየ። ከዚያ ፈጠን ብሎ ሳቀና «ገመዱ ነው፣ ገመዱ። ይነካካል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሽታዬ አልሳቀችም። እጇ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ከመጂዳ የሪሲቨር ካርቶን ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። እሷ ነርስ ናት፤ ሌላው ያየው የገመድ ችግር ነው፣ እሷ ግን ያየችውን አይታለች። ያ የካላዛር መርፌ አንዳንድ ሰው ላይ ጆሮ ይነካል። ሲነካ ደግሞ የሚጀምረው ከቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የወፍ፣ የስልክ፣ የሴት፣ የሕፃን። ወፍራሙን ይተወዋል። የተነካው ደግሞ አይመለስም።

ጠየቅሁት እኮ አለች በልቧ። እንደ እግዜር ሰላምታ በየጠዋቱ፣ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት፣ ሁሉንም እንደምትጠይቅ «ጆሮህ ላይ የሚጮህ ነገር አለ?» ብላ ትጠይቀው ነበር፤ «የለም፣ እታለም» ይላት ነበር። በዚያው ሰሞን በጤና ጣቢያው ከሱ አልጋ ጎን ለአጨዳ ከጎጃም የወረደ ማሩ የሚባል የቀን ሠራተኛ ተኝቶ ነበር። እሱ አንድ ጠዋት «ጀሮየ እንደ ንብ ይልብኛል» አላት። ሐኪሙ መርፌውን አስቁሞ ሌላ መድኃኒት አዘዘለት። የማሩ ሕክምና ረዘመ፣ ደከመውም፤ ግን ድኖ፣ እየዘፈነ ነው የወጣው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ስንቱን በሽተኛ ስትመክር የኖረች ሴት! እንግዲህ ለይኩን ያኔ አልጮኸበት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጀምሮት ይሆናል፤ እሱ ራሱ እስካሁን ላያውቀው ይችላል፤ ማግኔቱ ሞቷል ብሎ የሚያምነው ከልቡ ነው። ታዲያ ማን ይንገረው? በነገው ሠርግ ላይ ስንሻው ይንገረው?

መጂዳ የአንገቱን ማግኔት ሸጣ፣ የቀሩትን ሁለት የብሪጅ ማግኔቶች በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። «ኸላስ፣ በቃ! ገመድ ቀይሩና ቤታችሁ ሞክሩት። የማትፈልጉትን ማታ ትመልሱልኛላችሁ። እዚህ አህያ አታስደንብሩብኝ።» መንገድ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ የሰሊጥ ገለባ ከነፋሱ ጋር እየተነሳ ዓይን ይገባል። ሽታዬ ሆን ብላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረችና ቀስ ብላ «ለይኩን» አለች። አልዞረም። ትንሽ ከፍ አድርጋ «ለይኩንየ» አለች። ከፊታቸው ስትሄድ የነበረች እንስራ የተሸከመች ሴት ዞራ አየቻት። እሱ ጊታሩን በትከሻው አንግቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሠፈር ሰው ያየው ይህንን ጀርባ ነው፤ ኮርቷል ያሉት ይህንን ነው። ሽታዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰች።

ወይዘሮ ባየሽ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተዋል። ቤቱ ጭር ብሏል። ለይኩን ትንሿን አምፕሊፋየር ከመጋረጃው ወዲያ አውጥቶ ሰካ፤ ጠረጴዛው ላይ ማግኔቶቹን ደረደረ፤ አዲስ ገመድ አላወጣም። ሽታዬ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ለበሽተኛ ቤተሰብ ክፉ ወሬ ስትነግር እንዴት እንደምትጀምር ታውቃለች፤ ዛሬ አፏ አልታዘዝ አላት። ሲጨንቃት «ገመዱን አትቀይረውም?» አለችው።

«ገመዱ ምን ሁኖ?» አለ፣ አፍ አፏን እያየ። ከዚያ ሳቅ አለ፤ የሱቁ ሳቅ አልነበረም። «ተይ እንግዲህ፣ እታለም። ካርቶኑ ላይ ስትቀመጭ ነው እንደገባሽ ያወቅሁ። እኔማ ካወቅሁት ቆየሁ።»

ለይኩን የሰው ታሪክ እንደሚያወራ ተረጋግቶ ነገራት። በመጀመሪያ የስልኩ ጥሪ ጠፋ፤ ከዚያ የጠዋት ወፎች። ከዚያ ከጊታሩ በጣም ቀጭኑ ክር ራቀ፤ ቆይቶ ሁለተኛው። የድሮውን ባለ ስድስት ክር የሸጠውም ለቤዝ ብሎ አልነበረም። «ከላይ እየተነጠቅሁ ስሄድ ከታች ልጨምር ብየ ነው። ወደ ታች እየወረድሁ ነው፣ እታለም። ታችኛው ግን ግሩም ነው፤ በአገጬ ሁሉ ነው የምሰማው።» ጠዋት በሱቁ ያየችው የአመራረጥ ጥበብ፣ ያ አገጩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን መጨፈኑ ይህ ኖሯል። ቀጫጭኖቹን የሚጫወተው በጣቱ ትውስታ ነው፤ ደግ ወጣ ክፉ ወጣ የሚያውቀው ከሰው ፊት ነው። ሴቶቹ ጆሯቸውን ይዘው የተነሱ ዕለት ነው ማግኔት መቀየር እንዳለበት የገባው። በሱቁ ጎንበስ ብሎ ድምፁን የጨመረው ምናልባት አዲሱ ቢያሰማኝ ብሎ ነበር።

«ለስንሻው ንገረው!» አለች፤ ድምጿ ከቁጥጥሯ ወጥቶ። «ሰካራም እኮ ነው የሚልህ! ዛሬ ጠዋት በጆሮየ ሰምቻለሁ፤ ከነገ በኋላ ሊያባርርህ ነው። በሽታ ነው በለው፣ እኔ እነግረዋለሁ፣ ሐኪሙም ይመሰክራል...»

«አረቄ አረቄ እንድሸት ማን ያደረገኝ ይመስልሻል?» አላት። «ወደ መድረክ ከመውጣቴ በፊት እጉመጠመጠውና እተፋዋለሁ። ልብሴም ላይ ጠብ አደርጋለሁ። እኔ ነኝ ሰክሯል እንዲሉ ያደረግሁ። ሰካራም ቢባረር መጠጥ ተወ ሲባል ይመለሳል፤ ሌላ ባንድም ይወስደዋል። ጆሮ የሌለውን ጊታር ተጫዋች ማን ይወስዳል?»

አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ መጋረጃ ወዲያና ወዲህ አድረዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርህ ስትለው ፊቷን እያየ ሲመልስላት ፍቅር ነው ብላለች። ከወንድሟ ይልቅ አጥር ማዶ ያለውን ስንሻውን አጥርታ ሰምታለች። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው መጥቶ እንባ ሆነባት፤ ያንንም ዋጠችው። አንድ ጥያቄ ግን አልዋጥ አላት። እንዳትጠይቀው እየፈራች ጠየቀችው።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

ለይኩን ብሎን መፍቻውን በጣቱ አሽከረከረ። «መርፌው ሳያልቅ ነው። ሌሊት ሌሊት እንደ ፌንጣ ይጮህብኝ ነበር። በየጠዋቱ ትጠይቂኛለሽ፤ የለም እልሻለሁ። አለ ብልሽ መርፌውን ታቆሚዋለሽ። ማቆም ማለት ደግሞ ያው ሞት ነው። አብደራፊ ላይ ሳይወጉ የቀሩትን አይቻለሁ እኮ፣ በአንሶላ ጠቅልለን ነው የሸኘናቸው። ጆሮየን ልስጥና ነፍሴን ልውሰድ ብየ ነው ዝም ያልሁ። ደግሞ ወጊዋ አንች ነሽ፤ በኔ እጅ ነው የደነቆረ ብለሽ ዕድሜሽን ሙሉ እንድትቃጠይ አልፈለግሁም።» ቀና ብሎ ፊቷን አየ። «ልክ አይደለሁም? ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?»

ማሩ ከጎኑ ተኝቶ ነበር። አልጋቸው በአንድ ክንድ አይራራቅም ነበር። ሰውየው መርፌው ቆሞለት ሌላ መድኃኒት ሲጀመርለት ለይኩን ያን ዕለት በትኩሳት ራሱን ስቶ ነበርና አላየም፤ ሽታዬም ወንድሟ ነውና፣ ይድናል አይድንም በሚለው ጭንቅ ውስጥ ነበረችና፣ ሌላ መድኃኒት አለ ብላ አልነገረችውም። ማን ለበሽተኛ ይህን ይነግራል? ጆሮው ላይ ጩኸት እንደሌለ በራሱ አፍ እየነገራት ለምን ትነግረዋለች? አንድ ቃል ነበር የጎደለው። ከሱ አንድ ቃል ወይ ከሷ አንድ ቃል። ለይኩን አፍ አፏን እያየ መልስ ይጠብቃል፤ ዓይኑ ውስጥ ነፍሱን በጥሩ ዋጋ የገዛ ሰው እርካታ አለ። ያንን ልትነጥቀው አቅም አልነበራትም።

«አልነበረህም» አለችው፤ በግልጽ እንዲያየው ከንፈሯን ሰፋ አድርጋ። «ልክ ነህ። ሌላ ምርጫ አልነበረም።»

ለይኩን እፎይ አለ። ሸክሙ ወርዶለት እንደሆነ ከትከሻው ያስታውቃል። ወዲያው ወደ ሥራው ዞረ፤ እንዲያውም ተጫዋች ሆነ። «በይ እንግዲህ፣ የአንገቱን እኔ መርጫለሁ። የብሪጁን አንች ምረጭልኝ። አንዱን ልሞክርልሽ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ምንም አትናገሪ፣ ፊትሽ ይበቃኛል። ነገ ሠርጉ ላይ ሰው ደስ እንዲለው፣ የማይበሳውን፣ እሽ?» አንደኛውን ማግኔት በፕላስተር ለጠፈ። መታው። እንደ ቆርቆሮ ያለ ደረቅ ድምፅ ወጣ፤ ሽታዬ ሳታስበው ቅንድቧን ቋጠረች። «ኸላስ» አለ እየሳቀ፣ መጂዳን አስመስሎ፤ አነሳው። የመጨረሻውን፣ ጠርዙ የተፋቀውን አሮጌ ማግኔት ለጠፈ። ሽቦውን አጠላለፈ። ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ቀጫጭኖቹን ክሮች ነካቸው።

ሽታዬ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ጊታር ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ጥርት ያለ ነበር፤ ጥርት ብሎ ግን አይበሳም፤ የጎንደር ሴት ቀስ ብላ የምታንጎራጉረው ዓይነት ድምፅ ነበር። ጣቱ ምንም አልረሳም። ትዝታውን ከላይ ጀምሮ አወረደው፣ መለሰው፣ እንደገና አወረደው፤ ከታመመ ወዲህ እንዲህ አድርጎ አልተጫወተም፤ ቤቱን ሞላው። ይህንን ሁሉ ከሚጫወተው ሰው በቀር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ሽታዬ ፊቷን ልትይዘው ሞከረች። ፈገግ ልትል፣ ራሷን ልትነቀንቅለት፣ ይኸኛው ነው ልትለው ሞከረች። ከንፈሯ ተጣመመ፤ ቅንድቧ ተሰበሰበ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትውጠው የዋለችው ሁሉ ፊቷ ላይ ወጣ።

ለይኩን እጁን ከክሮቹ ላይ አነሳ። ፈገግታው ጠፋ።

«ይኸም ይበሳል፣ አይደል?» አለ። «አይ፣ ተይው፣ አታልቅሽበት። ሌላ ይልክልኛል የመጂዳ ልጅ።» ጎንበስ ብሎ ፕላስተሩን በጥፍሩ መላጥ ጀመረ።

«አይደለም! እሱን ተወው፣ እሱን ተወው፣ ለይኩንየ!» አለች ሽታዬ፤ ድምጿ በልቅሶ ቀጥኖ ነበር፤ እሱም አቀርቅሮ ነበርና አፏን አላየም።